የተኛው ካስማ

ወሰኑ በሃዋኒ መቅናት የጀመረበትን ቀን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሐሙስ ነበር፣ ሰኔ ሁለት ሺህ አስር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ። የጣቢያው ፒካፕ ወደ ላይኛው ማሳ ሊወጣ ሞተሩ ተነስቷል፤ የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ኤልያቄም መሪውን ይዘው ይጠብቃሉ። ወሰኑ እንደ ሁልጊዜው ዞሮ የፊተኛውን በር ከፈተ። ወንበሩ ላይ ሰው አለ። አዲሷ ተመራማሪ ሃዋኒ ጭኗ ላይ ታብሌት ዘርግታ ለዶክተሩ አንድ ነገር ታሳያለች።

«ውይ፣ ጋሼ ወሰኑ! የእርስዎ ቦታ ነው እንዴ? ልውረድ?»

«ኧረ ተቀመጪ፣ ቦታ ደግሞ ምን የማን አለው» አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ከዚያ ከኋላ ወጥቶ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። መኪናው በነጠረ ቁጥር እሱም ይነጥራል፤ በመስታወቱ በኩል ደግሞ ዶክተሩ አንገታቸውን ወደ ልጅቷ ዘንበል አድርገው ሲስቁ ይታየዋል። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲሄድ እንዲህ አስቋቸው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። አላስታወሰም። ማሳው ሲደርስ ወገቡን ይዞ ወረደ፤ ያመመው ግን ወገቡ አልነበረም።

ወሰኑ ማዕረግ የጊንጪ ልጅ ነው። አባቱ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ገበሬው ከረጢቱን ፈትቶ ሳይጨርስ እጃቸውን በከረጢቱ አፍ ሰደው አንድ ጭብጥ ያወጡና «ይሄ ከላይ ጥሩ ነው፤ ከታች ዝናብ መትቶታል» የሚሉ ሰው። ዓይንና እጅን ከሳቸው ወረሰ። ከአምቦ እርሻ ኮሌጅ ዲፕሎማውን ይዞ በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ከባኮ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ የበቆሎ ዘር ማሻሻያ ጣቢያ በቴክኒሻንነት ተቀጠረ። ትልቁ ማዕከል አይደለም፤ አምስት ሄክታር ማሳ፣ አንድ የዘር መጋዘን፣ አንድ ክበብ፣ አንድ ፒካፕ። ሚስቱ ሰሎሜ አምቦ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ልጆቹም እዚያው ይማራሉ። እሱ አርብ ማታ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። ሕይወቱ ይኸው ነው፤ መንገድና በቆሎ።

በሥራው ግን የሚያህለው አልነበረም። በቆሎ ማዳቀል ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ሴቴዋ ፂሟን ከማውጣቷ በፊት ዛላዋን በትንሽ ከረጢት መሸፈን፣ ወንዴ አበባውን በትልቅ የወረቀት ከረጢት ማሰር፣ በማግስቱ ብናኙን አራግፎ ፂሙ ላይ ማፍሰስ፣ መልሶ መሸፈን፣ መጻፍ። አንድ ቀን ብትዘገይ ነፋስ የማንንም ብናኝ ያመጣብሃል፤ የስድስት ወር ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ወሰኑ በቀን ሦስት መቶ ዛላ ያዳቅላል፤ አንድም አይሳሳትም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ዓይኑ ነበር። በረድፎቹ መሀል አንዴ ካለፈ «ይቺ ትቆይ፣ ይቺ ትውጣ» ይላል። ዶክተር ኤልያቄም ራሳቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህ ሰው ዓይኑ ሚዛን ነው» ብለው ያስተዋውቁታል።

ሃዋኒ ጅሩ የመጣችው እንግዲህ በዚህ ሰው ማሳ ላይ ነው። የጉደር ልጅ፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ማስትሬቷን በዘረመል የያዘች። ሥራዋን ያስረዳችው ክበብ ውስጥ ነበር፤ የበቆሎ ፍሬ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ።

«ባለፉት ዓመታት ዘርታችሁ የመዘናችኋቸው አራት መቶ ዘሮች አሉ አይደል? የሁሉንም ዘረመል አስነብቤያለሁ። ኮምፒውተሩ ምርቱንና ዘረመሉን ጎን ለጎን አስተያይቶ ‹ይሄ ምልክት ያለበት ያፈራል፣ ያኛው ያለበት ይበሰብሳል› እያለ ይማራል። ከዚያ አዲስ ዘር ሲመጣ ከቡቃያው ቅጠል ቆርጠን ብንልክ፣ ሳያፈራ ምን ያህል እንደሚያፈራ ይተነብያል። ሦስት ዓመት ሙሉ እየዘሩ መጠበቅ ቀረ።»

«ጠንቋይ ነዋ!» አለ ምትኩ፣ የወሰኑ ረዳት ቴክኒሻን።

«ጠንቋይስ ገብስማ ዶሮ አምጡ ይላል፤ የኔ ቅጠል ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ክበቡ በሳቅ ፈነዳ። ወሰኑ ሻዩን አማስሎ፣ ስኳሩ ሟምቶ ካለቀ በኋላም አማሰለ። «እነዚያን አራት መቶ ማን መዘናቸው?» አለ።

«እርስዎ ነዎታ ጋሼ! ደብተሮቹ በሙሉ በእርስዎ እጅ የተጻፉ ናቸው። ኮምፒውተሩን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት።»

ሙገሳ ብላ ነው የተናገረችው። ለሱ ግን በሬውን አውሶ፣ በገዛ በሬው ርስቱ ሲታረስበት ቆሞ እንደሚያይ ገበሬ ነው የሆነበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትሠራው ሁሉ ይቆረቁረው ጀመር። ሰው በስሙ እየጠራች ሰላም ማለቷ፤ ከሽማግሌው ዘበኛ ጋር በኦሮምኛ መቀላለዷ፤ ዶክተሩ «ወሰኑ፣ አንተ ምን ትላለህ?» ይሉት የነበረውን አሁን «ሃዋኒ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ማለታቸው። ቡናማ ቦት ጫማዋ ሳይቀር ያናድደው ነበር፤ ጭቃ አይይዝም።

በዚያ ክረምት አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት አዳዲስ ዘሮች ተዘሩ፤ እያንዳንዱ ለብቻው በአንድ ረድፍ፣ በረድፉ ራስ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የእንጨት ካስማ ተተክሎ። ከነዚህ አሥሩ ብቻ ተመርጠው በበጋው መስኖ ይዳቀላሉ። የቀሩት፣ መጋዘኑ ጠባብ ስለሆነ፣ ለከብት መኖ ይሄዳሉ። አሥሩን የሚመርጠው ድሮ የወሰኑ ዓይን ነበር። ዘንድሮ የሃዋኒ ዝርዝር ነው።

ከነዚህ ረድፎች አንዷ፣ ሠላሳ ስምንተኛዋ፣ አልበቀለችም። ጉንዳን ይሁን አይጥ ዘሯን ጨርሶ በልቷታል። በጣቢያው የቆየ ልማድ አለ፤ ያልበቀለ ረድፍ ካስማው አይነቀልም፣ አይቆምም፤ መሬት ላይ ይተኛል። ቁጥሩ እንዳይጠፋ፣ ግን ባዶ መሆኑ እንዲታወቅ። የተኛ ካስማ ያየ ሰው በደብተሩ ሰረዝ ያሰምርና ያልፋል። ይህ የትም አልተጻፈም። ወሰኑ ከሱ በፊት ከነበሩት ሰዎች ተማረው፤ እነሱም ከሌሎች። ሠላሳ ስምንተኛዋን ካስማ በገዛ እጁ አስተኛት፤ በደብተሩም ሰረዝ አደረገ።

የቅጠሉ ናሙና የተወሰደው በሐምሌ አጋማሽ ነው። ሃዋኒ ዘጠና ስድስት ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሳህን ይዛ በማሳው ዳር ቆመች። ሁለቱ ጉድጓዶች ለላቦራቶሪው ይተዋሉ፤ ዘጠና አራቱ የዘጠና አራት ረድፎች ናቸው። እሷ ከታብሌቱ ቁጥር ትጠራለች፤ ምትኩ በመብሻው ከቅጠሉ የሽልንግ ግማሽ የምታህል ክብ ቆርጦ ይከትታል።

«ሠላሳ ስድስት!»

«ገባ!»

«ሠላሳ ሰባት!»

«ገባ!»

«ሠላሳ ስምንት!»

ምትኩ የተኛውን ካስማ ተራመደው። ልማዱን ያውቃል፤ የተኛ ይታለፋል። የካስማውን ቁጥር ሳያይ ከሠላሳ ዘጠነኛዋ ረድፍ ቅጠል ቆረጠ። «ገባ!»

ወሰኑ ከግራር ጥላ ሥር ከረጢት እየቆጠረ ነበር። ቀና አለ። ሃዋኒ አንገቷን ከታብሌቱ አላነሳችም፤ «ሠላሳ ዘጠኝ!» አለች። ምትኩ ከአርባኛዋ ቆረጠ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ተገፋ፤ የእያንዳንዱ ቁጥር ጉድጓድ የጎረቤቱን ቅጠል ይዞ ሄደ። ወሰኑ እጁ ላይ ያለውን ከረጢት መቁጠር ተወ። አፉን ከፈተ። «ሄይ ምትኩ» ማለት ብቻ ነበር፤ ሁለት ቃል። አፉን መልሶ ገጠመው። ‹ዲግሪ ያላት እሷ ናት› አለ በልቡ።

መጨረሻ ላይ አንድ ጉድጓድ ባዶ ተረፈ። ምትኩ ራሱን አከከ፤ ሃዋኒ ስልክ ይዛ ናሙናውን ስለሚወስደው መኪና ታወራለች። ከመጨረሻዋ፣ ከዘጠና አራተኛዋ ረድፍ ሁለተኛ ክብ ቆረጠና ሞላው። «ሙሉ ነው እመቤት!» አለ። ሁለተኛውን ሳህን ከዘጠና አምስተኛዋ ረድፍ ጀምረው ያለ እንከን ሞሉ።

ወሰኑ በምሳ ሰዓት ሊነግራት ቆርጦ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ በኋላ ራሱን ሲወቅስ ይህቺን ብቻ ለራሱ አልነፈገም። ግን ክበብ ሲገባ ዶክተሩ የልጅቷን ትከሻ መታ እያደረጉ ነው። «በሁለት ሰዓት ጨረሰችው! አየህ ወሰኑ፣ አንተ ብትሆን ሦስት ቀን ነበር የምትፈጅ።»

«ሦስት ቀን» አለ ወሰኑ፤ ሽሮውን ወደ ራሱ ሳበ።

ቅዳሜ ጠዋት አምቦ ቤቱ ውስጥ ነገሩን ለሰሎሜ እንደ ቀልድ አወራላት። ሰሎሜ የክረምት ተማሪዎቿን ወረቀት እያረመች ነበር፤ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«ታዲያ ነገርካት?»

«ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር።»

«የማታውቀውን ነገር ምን ብላ ትጠይቅህ?»

«ካስማ የሚያህል ነገር ያላየች በምን ዓይኗ ነው የማይታይ ዘረመል የምታየው?»

«ወሴ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ የዚያችን ልጅ ስም አሥራ ሰባት ጊዜ ጠርተሃል። ሌላ ሚስት ብትሆን በሌላ ትጠረጥርህ ነበር። እኔ ግን አውቅሃለሁ። ቅናት ነው የያዘህ።»

«እኔ? በሃዋኒ?»

«አሥራ ስምንት» አለችና እስክሪብቶዋን አነሳች።

መስከረም ላይ በቆሎው ፂም አወጣ፤ ወሰኑና ምትኩ ከጤዛ ጋር እየተነሡ እያንዳንዱን ረድፍ በገዛ ብናኙ አዳቀሉት። ዶክተሩ፣ ሃዋኒና ሠራተኛው ሁሉ ማሳውን የሚዞሩበት ቀን ሲመጣ ወሰኑ ሃምሳ ሁለተኛዋ ረድፍ ላይ ቆመ። እንደ ወታደር የተሰለፈች፣ ቅጠሏ ወደ ላይ የቆመ፣ ቁመቷ ከሰው በላይ፣ ነጠብጣብ የማያውቃት ነበረች።

«ይቺ ናት» አለ። ከጎኗ ያለችውን ሃምሳ ሦስተኛዋን በጫማው ጫፍ ጠቆመ። አጭር፣ ቅጠሏ የተንጨባረረ። «ይቺን ጉርድ ግን ከብቶቹም ካልራባቸው አይበሏትም።»

ሰው ሳቀ። ሃዋኒ ግን አልሳቀችም፤ ታብሌቷ ላይ ጻፈች። «የጋሼ ምርጫ፣ ሃምሳ ሁለት። መዘገብኩት።»

«እስቲ ዝርዝሩ ሲመጣ እናያለን» አሉ ዶክተሩ።

ዝርዝሩ ሲመጣ! ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ምስክር የታመነ ዓይን ዛሬ ምስክር ይጠራበት? በዚያ ሳምንት ሃዋኒ ዛላ እንዴት እንደሚሸፈን እንዲያሳያት ወሰኑን ስትለምነው «ምትኩ ያሳይሽ» ብሎ አለፋት።

ዝርዝሩ በጥቅምት መጨረሻ መጣ። ሁሉም ተሰብስቦ ሃዋኒ ከአንደኛ ጀምራ አነበበች። «አንደኛ፣ ቁጥር መቶ ሃያ። ሁለተኛ...» ቆም አለች፤ ፊቷ በፈገግታ በራ። «ሁለተኛ፣ ቁጥር ሃምሳ ሁለት! የጋሼ ወሰኑ!»

ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ምትኩ አፏጨ። ዶክተሩ ተነሥተው ጨበጡት። «ብያችሁ ነበር፤ ይህ ሰው ዓይኑ ሚዛን ነው!»

«ማሽኑና ጋሼ ተስማሙ» አለች ሃዋኒ፣ የራሷን ያህል ደስ ብሏት።

ወሰኑም ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን መሀል መንገድ ላይ ቆመ። የሃምሳ ሁለት ጉድጓድ የማንን ቅጠል ነው የያዘው? የሃምሳ ሦስትን። ሁለተኛ የወጣችው ጉርዷ ናት። የሱ ሃምሳ ሁለት ደግሞ በሃምሳ አንድ ስም ነው ያለችው። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ ጣቱን ወደ ታች አወረደ። ሃምሳ አንድ፣ ዘጠና ሰባተኛ። ወረድ ሲል ደግሞ ሠላሳ ስምንትን አገኛት፤ መቶ አሥራ አራተኛ። ያልበቀለች ዘር፣ አንዲት ቅጠል ያላወጣች ዘር፣ ነጥብ ተሰጥቷት ከሰባ አራት ዘር በልጣለች። ሳቁ መጣ፤ ዝርዝሩን ትቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር የክብር ወር ነበር። ሃዋኒ ራሷ «ጋሼ ከፊት» እያለች ከፒካፑ ኋላ ትወጣለች። እንግዳ ሲመጣ ዶክተሩ ታሪኩን ይነግራሉ፤ የሰው ዓይንና የኮምፒውተር ትንበያ አንድ ዘር ላይ እንዴት እንደተገናኙ። ወሰኑ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስታወት የልጅቷን ቦት ጫማ ያያል፤ ደስታው ግን አልመጣ አለው። ቢመረምረው ደረሰበት። ቅናቱ አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት። ድሮ ዓይኑ በራሱ እውነት ነበር። አሁን እውነት የሆነው እሷ አዎ ስላለች ነው። እዚህ ላይ ደግሞ እሷ አዎ ያለችው ለሱ አይደለም፤ ለጉርዷ ነው።

በኅዳር አዝመራው ተሰበሰበ። ወሰኑ ሰው ሳያይበት የሁለቱን ረድፍ ዛላ ጎን ለጎን ዘርግቶ ላጠ። ሃምሳ ሁለት ልባሷ ያማረ፣ ዛላዋ ረጅም ነው። ሲላጥ ግን ጫፏ አልሞላም፤ ቆረቆንዳው ሦስት ጣት ያህል ራቁቱን ነው። ከዛላዎቿ ሁለቱ ሥራቸው ላይ ሻግተዋል። ሃምሳ ሦስት ዛላዋ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከጫፍ እስከ ሥር የተሞላ። ፈልፍሎ መዘነ። ደግሞ መዘነ። አንድ ረድፍ ብዙ አይናገርም፤ ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም የነጋዴው ልጅ እጅ የጨበጠውን ያውቃል። ከላይ ጥሩ፤ ከታች ዝናብ የመታው።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን ዘር ይታሸግ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ሰው ነው ያለው፤ ሃዋኒ፣ ወሰኑና የመጋዘኑ ኃላፊ አዴ ጉዴ። አዴ ጉዴ ሠላሳ ዓመት ዘር ያስቀመጡ፣ ቁጣቸውም ቀልዳቸውም በኦሮምኛ የሚጀምርና በአማርኛ የሚያልቅ ሴት ናቸው። የተመረጡት አሥሩ በፖስታ ይታሸጋሉ፤ የቀሩት ትልቁ የመኖ ከረጢት ውስጥ ይገለበጣሉ። ሃዋኒ ቁጥር ትጠራለች።

«ሃምሳ አንድ፣ ይውጣ።»

ገለበጡት።

«ሃምሳ ሁለት፣ ይታሸግ። የጋሼ ናት፣ በደንብ ያሽጉልኝ አዴ ጉዴ።»

«ቶሌ፣ ቶሌ፣ እሺ። የሙሽራ ዕቃ አድርጌ ነው የማሽጋት።»

«ሃምሳ ሦስት፣ ይውጣ።»

አዴ ጉዴ የሃምሳ ሦስትን ከረጢት አፍ ፈቱ። አዘነበሉት። ጥቂት ፍሬ መሬት ላይ ተንጠባጠበ። ወሰኑ መቼ እንደተነሣ አላወቀም፤ እጁ የከረጢቱን አፍ አንቆ ይዞታል።

«ያ ዋቅ! ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ? እጄን ሰበርከው እኮ!»

«አይጣልም» አለ ወሰኑ። «ይቺ ነች ሁለተኛ የወጣችው።»

ሃዋኒ ታብሌቷን አየች። «ጋሼ፣ ሃምሳ ሦስት መቶ አርባኛ ናት። ሁለተኛዋ የእርስዎዋ ሃምሳ ሁለት ናት።»

«አይደለችም። ሠላሳ ስምንት አልበቀለችም፤ ካስማዋ ተኝቶ ነበር። ምትኩ አልፏት ከሠላሳ ዘጠኝ ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ተገፍቷል። ዝርዝርሽን እዪው፤ ሠላሳ ስምንት ነጥብ አላት። ያልተወለደች ልጅ ፈተና አልፋለች።»

ሃዋኒ ዝርዝሩን ከፈተች። ጣቷ ወደ ታች ወረደ፣ ቆመ። ሌላ ፋይል ከፈተች። «ዘጠና ሦስትና ዘጠና አራት» አለች ለራሷ። «ላቦራቶሪው ሁለቱ ፍጹም አንድ ናቸው ብሎ ጽፎልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዘመዳሞች መሰሉኝ።»

«ምትኩ ከመጨረሻዋ ሁለት ጊዜ ቆርጧል። አንድ ጉድጓድ ተርፎት።»

«ካስማው ለምን ተኛ?»

«ያልበቀለ ይተኛል።»

«የት ተጽፏል?»

«አልተጻፈም። ሁሉም ያውቃል።»

«እኔ ሁሉም ውስጥ የለሁማ!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ወዲያው ወረደ። ቀና ብላ አየችው። «ቆይ። ምትኩ ሲያልፋት አይተሃል?»

እስከዚያ ቀን አንተ ብላው አታውቅም። አዴ ጉዴ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ ከረጢቱን አስቀምጠው ፍሬ መልቀም ጀመሩ።

«አይቻለሁ።»

«በሐምሌ?»

«በሐምሌ።»

«አምስት ወር! ሲጨበጨብልህ አውቀሃል። ከፊት ስትቀመጥ አውቀሃል። ይሄ ተዳቅሎ፣ ተባዝቶ፣ ገበሬው እጅ ቢገባስ? ምን አደረግኩህ እኔ?»

መልስ ነበረው። ለአምስት ወር ያዘጋጀው ብዙ መልስ ነበረው። አንዱም ጮክ ተብሎ የሚነገር አልነበረም። «ምንም አላደረግሽኝ» አለ።

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ ፍሬውን ርገጡልኝ ደግሞ» አሉ አዴ ጉዴ ከእግራቸው ሥር። «ሁለታችሁም እግራችሁን አንሱ!»

ሃዋኒ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ዝርዝሩን በአንድ ወደ ታች አወረደችው። ከአሥሩ ምርጦች አምስቱ ተለወጡ። ጉርዷ ሁለተኛ፣ የወሰኑ ሃምሳ ሁለት ዘጠና ሰባተኛ። የመኖውን ከረጢት ሦስቱም እስከ ምሳ ሰዓት አገላብጠው አዩት፤ የተደባለቀ ዘር ግን ተለይቶ አይወጣም። ከአምስቱ ሁለቱ ቀድመው ተገልብጠው ጠፍተዋል። ለነዚያ ሁለት ምንም የሚደረግ ነገር አልነበረም።

ዶክተሩ ቢሮ የገቡት አብረው ነው። ሃዋኒ ቀድማ ተናገረች። «ስህተቱ የኔ ነው ዶክተር። ታብሌቱን እንጂ ማሳውን አላየሁም። ያገኘው ጋሼ ወሰኑ ነው፤ ዛሬ ጠዋት።»

ዛሬ ጠዋት። ወሰኑ ዞሮ አያት። ፊቷ አሁንም ተቆጥቷል፤ ለሱ ስትል እንዳላለችው ያስታውቃል። ሥራው እንዲቀጥል ነው ያለችው፤ ነገሩን አሳጥራ፣ ጠቅልላ፣ ወደሚቀጥለው ልትሄድ። እንዲህ ቀለል አድርጎ የራስን ጥፋት መሸከም ለሱ በሃያ ሁለት ዓመት አልሆነለትም። በዚህም ቀናባት። ከቅናቱ ሁሉ ይህኛው ነበር የከፋው፤ ዝም ቢል በሷ ቸርነት ሊኖር ነው።

«ዛሬ ጠዋት አይደለም» አለ። «በሐምሌ ነው ያየሁት። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

ዶክተር ኤልያቄም መነጽራቸውን አወለቁ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለው ነበር። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት፤ የበጋውን ማዳቀል ለምትኩ አስረከቡት። ወሰኑ ወሩን መጋዘን ከአዴ ጉዴ ጋር ዘር ሲለቅም እንዲያሳልፍ ተወሰነ። በመጨረሻም፣ «ይሄ ሁሉም ያውቃል የምትሉት ነገር ሁሉ ይጻፍ። ከሃዋኒ ጋር ተቀምጣችሁ። አንድ ሳይቀር» አሉ።

የሦስት ቀን ከሰዓት ፈጀባቸው። እሱ ይናገራል፤ እሷ ትጽፋለች። እንደገና እርስዎ ማለት ጀምራለች፤ ጋሼ ግን አትልም። ያልበቀለ ረድፍ ካስማው ይተኛል። ሁለት ቋጠሮ የታሰረበት ከረጢት ብናኙ ተወስዷል ማለት ነው። ደብተር ላይ የተከበበ ቁጥር በዓይን የተገመተ እንጂ የተመዘነ አይደለም።

«የተከበበው የተገመተ ነው?» እጇ ቆመ። «እኔ ኮምፒውተሩን ያስተማርኩት የተከበቡትንም ጨምሬ ነው።»

«ብዙ አይደሉም። ሠላሳ ቢሆኑ ነው።»

«ሠላሳ!» ግንባሯን ያዘች። ከዚያ ሳታስበው ሳቀች፤ የድካም ሳቅ። «እሺ። እናወጣቸዋለን። ይቀጥሉ።»

አርባ አንድ ልማድ ሞላ። ሃዋኒ ወረቀቱን ጠረዘች። «ሌላ አለ?»

ነበረ። አንድ ነበረ። ወንዴ አበባው ብናኙን የሚለቅበትን ቀን ከዋዜማው የሚያውቅበት መንገድ፤ በዓይን አይደለም፣ በጣት ነው። ለምትኩ እንኳ አሳይቶት አያውቅም። ‹ይቺ ትቅርልኝ› አለ ልቡ። ወረቀቱን አየ፣ ልጅቷን አየ። የመስኖው ማሳ ተዘርቶ ከሁለት ወር በኋላ አበባ ይጀምራል፤ የሃምሳ ሦስት ብናኝ በሰዓቱ ካልተያዘ ያች ጉርድ ዘንድሮ አትዳቀልም።

«አንድ አለ» አለ ሲያቅማማ ቆይቶ። «በወረቀት ግን አይሆንም። አበባው ሲደርስ ጠዋት ማሳው ላይ ነይ።»

«ስንት ሰዓት?»

«አሥራ ሁለት ተኩል። ጤዛው ሳይለቅ።»

«ታብሌቴን ይዤ?»

«እሱን ተዪው።»

«እይዘዋለሁ» አለች ሃዋኒ እየተነሣች።

ወሰኑ ጥርሱን ነከሰ። «አንድ እጅሽን ነጻ አድርጊና ያዢው እንግዲያው» አለ፤ ወደ ዘር ለቀማውም ተመለሰ።